ምጥ ያለ ማስታገሻ፦ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ክርክር እና የምሥራቅ አፍሪካ እናቶች

መንትያ ከተሞች እየተባሉ በሚጠሩት፣ በሚኒሶታ ግዛት ባሉት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ያለ ሕመም ማስታገሻ መድኃኒት የመውለድ ጉዳይ ከብዙ የአሜሪካ ከተሞች ለየት ያለ መልክ አለው። በእነዚህ ከተሞች ከሆስፒታል አሠራር ጋር ለአሥርት ዓመታት ተከራክረው ያለ መድኃኒት መውለድን እንደ መብት ያስቆጠሩ አዋላጆችና እናቶች ይኖራሉ፤ እዚያው ሰፈር ደግሞ ማስታገሻ የሌለበት ምጥ የኑሮ ግዴታ ሆኖ ከቆየባቸው ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የመጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ሰፍረዋል። በአንድ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት እናቶች የጀርባ መርፌ አንወጋም ቢሉ፣ አንዷ ትምህርት ወስዳና አስባበት የወሰነች፣ ሌላዋ ደግሞ መርፌው ሽባ ያደርጋል የሚል ወሬ ሰምታ የፈራች ልትሆን ትችላለች፤ በሕክምና መዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም ያለ መድኃኒት የወለዱ ተብለው ይሰፍራሉ። የዚህ ዳሰሳ መነሻ ሐሳብ ያለ መድኃኒት መውለድ ምርጫ ሊባል የሚችለው መድኃኒቱ በአጠገብ እያለ፣ ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱም በሚገባት ቋንቋ ከተነገራት በኋላ እናቲቱ ስትተወው ብቻ ነው የሚል ሲሆን፣ ታሪኩም የምርምር ውጤቱም ከዚሁ አንጻር ይታያል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምጥ በሕክምና አነጋገር በሦስት ምዕራፍ ይከፈላል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ማኅፀን እየተኮማተረ የማኅፀን በር ቀስ በቀስ ሳስቶ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል፤ በሁለተኛው እናት እያማጠች ልጁ ይወጣል፤ በሦስተኛው የእንግዴ ልጁ ይከተላል። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚሰማው ሕመም ከማኅፀንና ከማኅፀን በር ተነሥቶ ወደ ወገብና ወደ ሆድ የሚሰራጭ ሲሆን፣ በሁለተኛው ምዕራፍ የሚመጣው ደግሞ ከብልት አካባቢ መወጠር የሚነሣ፣ ቦታው በትክክል የሚለይ ሕመም ነው። ማኅፀንን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ምጡ እየገፋ በሄደ መጠን ሰውነት ኢንዶርፊን የተባሉ የራሱን ማስታገሻዎች ያመነጫል። በአንጻሩ ፍርሃትና ድንጋጤ የሚያስነሡት አድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር ምጡን ሊያዘገይ ይችላል። ያለ መድኃኒት ለመውለድ የሚያስቡ እናቶችና አዋላጆች ክፍሉ ጸጥ እንዲል፣ መብራቱ እንዲደበዝዝና የሚያውቁት ሰው ከአጠገብ እንዲሆን የሚጠይቁት ይህን የሰውነት አሠራር ላለማወክ ነው። እዚህ ላይ ያለ መድኃኒት መውለድን ያለ ባለሙያ ከመውለድ ጋር ማምታታት አይገባም፤ በመንትያ ከተሞቹ ማስታገሻ ሳይወስዱ የሚወልዱ እናቶች አብዛኞቹ የሚወልዱት በሆስፒታል፣ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ነው።

በምጥ ላይ ማደንዘዣ መስጠት ረጅም ዕድሜ የለውም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን በ1847 ኤተርንና ክሎሮፎርምን ለወላጆች መስጠት ሲጀምር፣ ሔዋን በጭንቅ እንድትወልድ የተነገረውን የኦሪት ዘፍጥረት ቃል ጠቅሰው ድርጊቱን የተቃወሙ አልጠፉም። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1853 ልዑል ሊዮፖልድን ስትወልድ ከሐኪሙ ከጆን ስኖው እጅ ክሎሮፎርም መውሰዷ ግን ተቃውሞውን አዳከመው። በ1914 ገደማ ደግሞ ከጀርመኗ ፍራይቡርግ ከተማ የመጣው፣ ሞርፊንና ስኮፖላሚን የተባሉ መድኃኒቶችን የሚያደባልቀው «የድንግዝግዝ እንቅልፍ» የተባለው ዘዴ በአሜሪካ ሴቶች ዘንድ ተፈላጊ ሆነ፤ ይህ ዘዴ ሕመሙን ሙሉ በሙሉ ከማጥፋት ይልቅ የሕመሙን ትዝታ ይሰርዝ ስለነበር፣ እናቲቱ እየጮኸችና እየተወራጨች ወልዳ ስትነቃ ምንም አታስታውስም። ይህን ማደንዘዣ ማኅበር መሥርተው የጠየቁት ለሴቶች መብት የሚታገሉ ሴቶች እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም። በሚኒያፖሊስም ሐኪሟ ማርታ ሪፕሊ ባል የሌላቸውና ችግረኛ የሆኑ እናቶች ጭምር የሚወልዱበትን የእናቶች ሆስፒታል በ1880ዎቹ ባቋቋመችበት ጊዜ ሴቶችን ያሳስባቸው የነበረው በወሊድ የመሞትና መጠጊያ የማጣት አደጋ ነው፤ በዚያ ዘመን የሕክምና እርዳታ ማግኘት እንደ ድል ይቆጠር ነበር።

ሃያኛው ምዕተ ዓመት ሲጋመስ የአሜሪካ እናቶች በብዛት በሆስፒታል፣ ከባል ተለይተው፣ በመድኃኒት ፈዝዘው ወይም ተኝተው ይወልዱ ስለነበር ተቃውሞው ከዚያው ከሆስፒታሉ ውስጥ ተነሣ። እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ ፍርሃት ጡንቻን እንደሚያወጥር፣ መወጠሩም ሕመምን እንደሚወልድ፣ ሕመሙም መልሶ ፍርሃትን እንደሚያባብስ አስተማረ። ፈረንሳዊው ፈርናንድ ላማዝ በ1951 ከሶቪየት ኅብረት የቀሰመውን የአተነፋፈስና የአእምሮ ዝግጅት ዘዴ በፓሪስ አስፋፋ፤ በእርሱ ዘዴ የወለደችው አሜሪካዊት ማርጆሪ ካርመል በ1959 መጽሐፍ ጽፋ ዘዴውን ወደ አገሯ አሻገረችው። አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ብራድሊ ደግሞ በ1965 ባል ሚስቱን እንደ አሠልጣኝ እየመራ የምትወልድበትን መንገድ ሰበከ። የዘዴዎቹ አስተማሪዎች ሦስቱም ወንዶች መሆናቸው «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለውን የአገራችንን ብሂል ማስታወሱ አይቀርም። የወላጅ ሴቶች ድምፅ ጎልቶ የወጣው ኢና ሜይ ጋስኪን የተባለችው የቴነሲ አዋላጅ ከ1975 ጀምሮ የብዙ እናቶችን ታሪክ ማሳተም ከጀመረች በኋላ ነው።

በዲክ ሪድ ትምህርት ውስጥ ለአፍሪካ አንባቢ ሳይመረመር የማይታለፍ አንድ ሐሳብ አለ። ዲክ ሪድ ሥልጣኔ ያልነካት ብሎ የሚያስባት ሴት፣ በተለይም አፍሪካዊት፣ ያለ ብዙ ሕመም እንደምትወልድ ያምን ነበር፤ በ1950ዎቹም በአፍሪካ እየተዘዋወረ ለዚሁ እምነቱ ማስረጃ ሲፈልግ ነበር። ለአንድ የጎጃም ወይም የሐረርጌ እናት ይህ ቢነገራት ሳቋን የምትገታ አይመስልም። ይሁንና ሐሳቡ የሚያስቅ ብቻ አልነበረም፤ ጥቁር ሴት ሕመም አይሰማትም የሚለው እምነት ከእርሱ በፊት ብዙ ጉዳት አድርሷል። የአሜሪካ የማኅፀን ሕክምና አባት ሲባል የኖረው ጄምስ ማሪዮን ሲምስ ከ1845 እስከ 1849 በአላባማ አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ የተባሉትን ጨምሮ በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ የፊስቱላን ቀዶ ጥገና ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ ይሞክር ነበር። ፊስቱላ በተራዘመና እርዳታ ባጣ ምጥ ምክንያት በፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር፣ ሽንትን ያለማቋረጥ የሚያፈስ ቀዳዳ ሲሆን፣ ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1974 ልዩ ሆስፒታል ያቋቋሙለት ሕመምም ይኸው ነው። ስለዚህ ለተፈጥሮ የተተወን ምጥ ለሚያወድስ ማንኛውም ጽሑፍ፣ ተፈጥሮ ብቻዋን ስትተው ምን እንደምታደርግ የሃምሊን ሆስፒታል ታካሚዎች አስቀድመው መስክረዋል።

በዝግጅት ብቻ ሕመሙን ማጥፋት ይቻላል የሚለው ተስፋም በሳይንስ ተፈትኗል። የሕመም ጥናት አቅኚ የሆነው ካናዳዊው ሮናልድ ሜልዛክ በ1981 ባሳተመው ጥናት የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ እናቶች የምጥ ሕመም ከሚታወቁት ከባድ ሕመሞች ተርታ የሚመደብ መሆኑን፣ የወሊድ ዝግጅት ትምህርት መውሰድም ሕመሙን በመጠኑ ቢቀንሰውም እንደማያስቀረው፣ ከሠለጠኑትም ብዙዎቹ በመጨረሻ የጀርባ መርፌ መጠየቃቸውን አሳይቷል። ይህ ውጤት ሲወጣ ያስከፋው ወገን ነበር፤ ነገር ግን ያለ መድኃኒት ልውለድ ያለች እናት ሕመም የለም ተብላ ከምትታለል ይልቅ ሕመሙ እንዳለ አውቃ ብትገባበት ይሻላታል።

የጀርባ መርፌ በሕክምና ስሙ ኤፒዱራል ይባላል። የማደንዘዣ ባለሙያው በታችኛው የጀርባ አጥንት መካከል በመርፌ ገብቶ፣ ኅብለ ሠረሰርን ከሸፈነው ሽፋን ውጭ ባለው ክፍተት ውስጥ ቀጭን ቱቦ ይተክላል፤ በቱቦውም የማደንዘዣና ብዙ ጊዜም ፈንታኒል የተባለ መድኃኒት ቅልቅል በትንሽ በትንሹ ይፈስሳል። እናቲቱ ነቅታ እያለች ከወገብ በታች ያለው ሕመም ይደበዝዛል። በአሜሪካ ከወላጆች ከግማሽ የሚበልጡት ይህን ወይም መሰሉን ማደንዘዣ ይወስዳሉ፤ በ2008 በ27 ግዛቶች ተመዝግቦ በተጠናው መረጃ መሠረት በብልት ከወለዱት እናቶች 61 በመቶ የሚሆኑት ወስደውት ነበር፣ ከዚያም ወዲህ ቁጥሩ ጨምሯል።

ስለ ኤፒዱራል የተደረጉ ጥናቶች ጥቅል ውጤት ከሁለቱም ወገን ክርክር ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚዎች ኅብረት በ2018 ከ11 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተቱ 40 ሙከራዎችን መዝኖ፣ ኤፒዱራል ከሌሎች ማስታገሻዎች በላይ ሕመምን እንደሚቀንስና በቀዶ ጥገና የመውለድን ዕድል እንደማይጨምር ደምድሟል። በአንጻሩ ምጡን ሊያራዝም፣ የደም ግፊትን ሊያወርድ፣ ትኩሳት ሊያመጣና ሽንት ለመሽናት ሊያስቸግር እንደሚችል አረጋግጧል፤ ልጁን በመሳሪያ ስቦ የማውጣት ዕድል ይጨምራል የሚለው የቆየ ሥጋትም ከ2005 ወዲህ በተደረጉት፣ የመድኃኒቱ መጠን በተቀነሰባቸው ሙከራዎች ላይ አልታየም። በሐበሻና በሶማሌ ቤቶች ደጋግሞ የሚነገረው ወገብን ለዕድሜ ልክ ያሳምማል የሚለው አባባል በእነዚሁ ጥናቶች ድጋፍ አላገኘም፤ ቋሚ የነርቭ ጉዳትም እጅግ ብርቅ ነው። መርፌው ሽፋኑን በስሕተት ሲበሳ የሚመጣው ለቀናት የሚቆይ ከባድ የራስ ምታት ግን እውነት ነው፤ ከመቶ እናቶች አንዷን ያህል ያጋጥማታል። ኤፒዱራል የወሰደች እናት እንደ ልቧ ተነሥታ መራመድ አለመቻሏ፣ ክንዷ ላይ የፈሳሽ መስመር፣ ሆዷ ላይ የልጁን ልብ ምት የሚከታተል መሣሪያ መታሰሩም መነገር የሚገባው ነው፤ ብዙ እናቶች የሚሸሹት ሕመም አልባነቱን ሳይሆን ይህን መታሰር ነው።

መድኃኒቱን ለምትተወው እናት የቀሩት ዘዴዎች ጥንካሬያቸው እኩል አይደለም። በመጀመሪያው ምዕራፍ በሞቀ ውኃ ገንዳ ውስጥ መቀመጥ ኤፒዱራል የመፈለግን ዕድል እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ቆሞ፣ ተራምዶ ወይም ተንበርክኮ ማማጥ፣ ጀርባን አንጋሎ ከመተኛት ጋር ሲነጻጸር፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በአማካይ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚያሳጥር በ2013 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ያሳያል። ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው፣ እናቲቱ ራሷ ጭንብሉን ይዛ የምትስበው ጋዝ በእንግሊዝ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሮ በአሜሪካ ማዋለጃዎች ከ2010ዎቹ ወዲህ በስፋት የተመለሰ ሲሆን፣ ጋዙ መድኃኒት ስለሆነ ያለ መድኃኒት በመውለድ ላይ በቅጡ አይመደብም፤ ሕመሙንም ከማጥፋት ይልቅ ያቃልለዋል። ከሁሉ ይልቅ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ግን መሣሪያም ጋዝም የማይጠይቀው፣ በምጡ ጊዜ ሁሉ ሳይለይ አብሮ የሚቆይ ሰው ነው። በ2017 በተደረገው የኮክሬን ግምገማ፣ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶችን ባካተቱ 26 ሙከራዎች፣ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ እናቶች በራሳቸው ጉልበት የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ፣ ማስታገሻ የመጠየቅና በቀዶ ጥገና የመውለድ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

መንትያ ከተሞቹ በዚህ ዘርፍ የሚጠቀሱት ይህን ሰው በሕግና በገንዘብ ለመደገፍ በመሞከራቸው ነው። ዶውላ የምትባለው ልጅ የማታዋልድ፣ መድኃኒትም የማታዝዝ፣ ከእርግዝና እስከ አራስነት አብራ የምትቆይና የሠለጠነ እጇን፣ ቃሏንና ልምዷን ለእናቲቱ የምታውል ደጋፊ ናት። በሚኒያፖሊስ በ2003 የተቋቋመው ኤቭሪዴይ ሚራክልስ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ዶውላዎችን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው እናቶች ያቀርብ ነበር። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ኬቲ ኮዝሂማኒል ከባልደረቦቿ ጋር በ2013 ባሳተመችው ጥናት በእነዚህ ዶውላዎች የተደገፉ፣ ሜዲኬይድ በተባለው የመንግሥት የጤና መድን የተሸፈኑ 1,079 ወሊዶች ተመርምረው፣ በቀዶ ጥገና የወለዱት 22.3 በመቶ ሲሆኑ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ሜዲኬይድ የሸፈናቸው እናቶች ግን 31.5 በመቶ ሆነው ተገኙ። ዶውላ የፈለገችዋ እናት ቀድሞውንም ቀዶ ጥገናን ለመሸሽ ያሰበች ልትሆን ስለምትችል ልዩነቱ ሁሉ የዶውላዋ ሥራ ነው ማለት አይቻልም። የሆነ ሆኖ የሚኒሶታ ምክር ቤት በዚያው ዓመት የዶውላ አገልግሎት በሜዲኬይድ እንዲከፈል ሕግ አወጣ፤ ከኦሪገን ቀጥላም ይህን ያደረገች ሁለተኛዋ ግዛት ሆነች። ክፍያው ለረጅም ጊዜ ዝቅተኛ ሆኖ ሲያስወቅስ ቆይቶ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ለአንድ ወሊድ 1,400 ዶላር፣ ለአንድ ጉብኝት ደግሞ 100 ዶላር እንዲሆን ተወስኗል።

ሕጉ የወሊድ ቦታንም አስፍቷል። በሚኒሶታ ከሆስፒታል ውጭ የሚያዋልዱ ባህላዊ አዋላጆች ፈቃድ የሚያገኙበት ሕግ በ1999፣ ከሆስፒታል ተለይተው የቆሙ የወሊድ ማዕከሎች የሚመዘገቡበት ደግሞ በ2010 ወጥቷል። የወሊድ ማዕከል ኤፒዱራልም ቀዶ ጥገናም የሌለበት፣ ጤናማና ችግር የሌለበት እርግዝና ያላቸው ብቻ የሚገቡበት፣ የቤት መልክ ያለው ማዋለጃ ነው። ሐኪሙ ስቲቭ ካልቪን በ2012 በሚኒያፖሊስ የከፈተው ሚኒሶታ በርዝ ሴንተርና አዋላጇ ሬቤካ ፖልስተን በ2015 በሰሜን ሚኒያፖሊስ የመሠረተችው ሩትስ ኮሚዩኒቲ በርዝ ሴንተር ከዚህ ሕግ በኋላ ከተነሡት ይጠቀሳሉ። ሩትስ ጥቁር አሜሪካውያን በብዛት በሚኖሩበት ሰፈር በጥቁር አዋላጅ መቋቋሙ ያለ መድኃኒት መውለድ የነጭና የባለጸጋ ሴቶች ምርጫ ነው የሚለውን ግምት የሚፈታተን ሲሆን፣ ሬቸል ሃርደማንን የመሳሰሉ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የእናቲቱን ባህል ማዕከል ያደረገ እንክብካቤ ምን እንደሚመስል ለማሳየት አጥንተውታል። ከሆስፒታሎቹም ሄነፒን ሄልዝኬር የተባለው የሚኒያፖሊስ የሕዝብ ሆስፒታል ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነርስ አዋላጆች፣ ማለትም በነርስነትና በአዋላጅነት የተመረቁ ባለሙያዎች የሚያዋልዱበት ቤት ነው። በማዕከሎች ስለመውለድ በአገር አቀፍ ደረጃ በ2013 የወጣው ጥናት ከ15,574 ሴቶች 84 በመቶው በማዕከሉ መውለዳቸውን፣ በቀዶ ጥገና የወለዱትም 6 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሲያመለክት፣ የቀሩት በምጥ ላይ እያሉም ሆነ አስቀድመው ወደ ሆስፒታል መዛወራቸው ማዕከሉ ሆስፒታልን ተደግፎ የሚሠራ እንጂ የሚተካ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካውያን እናቶች ሲመጣ ጥያቄው ይለወጣል። በሚኒያፖሊስ በሶማሌ ስደተኛ ሴቶች መካከል ተደርጎ በ2004 የታተመ የቡድን ውይይት ጥናት እናቶቹ ቀዶ ጥገናን አጥብቀው እንደሚፈሩ፣ በዘራቸው ምክንያት በተዛባ ዓይን እንደሚታዩ እንደተሰማቸው፣ የአስተርጓሚዎችን ችሎታም እንደሚጠራጠሩ መዝግቧል፤ እንዲነገራቸው ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱም ስለ ሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ነበር። ይህ ነጥብ ሳይስተዋል ያልፋል። የአፍሪካ እናት መድኃኒት አትፈልግም ተብሎ የተደመደመበትን ጉዳይ እናቶቹ ራሳቸው ገና ስላልተነገረን ንገሩን ብለውበታል። የቀዶ ጥገናው ፍርሃትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ ልጅ ለመውለድ የምታስብ፣ ወደ አገሯም ልትመለስ የምትችል ሴት በማኅፀኗ ላይ ያለ ጠባሳ በሚቀጥለው እርግዝና ምን እንደሚያስከትልባት ታውቃለች። ኤፒዱራል ወደ ቀዶ ጥገና የሚወስድ የመጀመሪያ ደረጃ ነው የሚለው ወሬ በዚህ ፍርሃት ላይ ስለሚያርፍ፣ ማስረጃው ሌላ ቢልም እንኳ በቀላሉ አይነቀልም።

የሴት ልጅ ግርዛትም እዚህ ላይ ይነሣል። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ሲሆኑ፣ በሶማሌና በአፋር ክልሎች የሚዘወተረው ብልትን የሚሰፋው ዓይነት በሁለተኛው የምጥ ምዕራፍ ሕመሙንም መቀደዱንም ያከብደዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በስድስት የአፍሪካ አገሮች ከ28 ሺህ በላይ እናቶች ላይ አድርጎ በ2006 ያሳተመው ጥናት አስከፊው የግርዛት ዓይነት በቀዶ ጥገና የመውለድንና የብዙ ደም መፍሰስን አደጋ እንደሚጨምር አረጋግጧል። ጠባሳው በጊዜ ተለይቶ ካልታወቀ በምጥ መካከል በጥድፊያ መክፈት ግድ ስለሚሆን፣ እንዲህ ያለች እናት ያለ ማደንዘዣ ልውለድ ስትል አዋላጇ አስቀድማ በእርግዝናው ወራት ልታነጋግራት ይገባል። ከዚህ ውጭ ያለው ብዙው ጉዳይ የሕክምና ሳይሆን የቋንቋና የአክብሮት ነው።

በኢትዮጵያ ያለው ታሪክ ለንጽጽር ያህል ሰፋ ብሎ መታየት ይኖርበታል። በ2000 በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። ከዚያ በፊት የነበረው ወሊድ በቤት፣ በእናት፣ በጎረቤትና በልምድ አዋላጅ መካከል የሚፈጸም፣ የምትወልደው ሴት ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ፣ ከኋላ የሚደግፋት ሰው ይዛ የምታምጥበት ነበር። በክርስቲያኑ ቤት በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች እመቤታችንን ማርያም ማርያም እያሉ ይጠራሉ፤ ነፍሰ ጡሯ አስቀድሞ ማርያም በሽልም ታውጣሽ ተብላ ትመረቃለች፣ በሰላም ስትገላገልም እንኳን ማርያም ማረችሽ ትባላለች፤ ማኅፀን ፈቺ የሚባለው ቅዱስ ሩፋኤልም አይረሳም። ይህ ሁሉ ማስታገሻ መድኃኒት ባይሆንም፣ ኮክሬን በ26 ሙከራ ያረጋገጠውን ያልተቋረጠ ድጋፍ የሚመስል ነገር ነበረው። ያልነበረው ደም ሲፈስ የሚያቆም እጅና ምጥ ሲጸና የሚከፍት ቢላ ነው፤ በ2000 ከ100 ሺህ ሕያው ወሊዶች 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፣ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ከ2003 ጀምሮ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በአጣጥ ሆስፒታል በ1976 የተጀመረው የእናቶች ማረፊያ ቤትና በ2007 የተከፈተው የሃምሊን አዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ለዚህ መሻሻል እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው።

ይሁን እንጂ ምጡ ከቤት ወደ ጤና ተቋም ሲዛወር ጎረቤቷና ማርያም ማርያም የሚለው ድምፅ በር ላይ ቀሩ፤ ማስታገሻው ደግሞ አልተተካባቸውም። በብዙ የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ምጥ የያዛት ሴት በጀርባዋ እንድትተኛ ተደርጋ፣ ዘመድ ሳይገባ፣ ማስታገሻም ሳይሰጣት መውለዷ የተለመደ ሆኖ ቆይቷል። የጤና ሚኒስቴር ከ2015 በኋላ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ አገልግሎት በሚል መርሕ ይህን ለማረም ተነሥቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ባወጣው የወሊድ መመሪያ እናት የፈለገችው ሰው አብሯት እንዲቆይ፣ የፈለገችውን አኳኋን እንድትይዝ፣ ማስታገሻ ከጠየቀችም ኤፒዱራልን ጨምሮ እንዲሰጣት መክሯል። የማደንዘዣ ባለሙያ እጥረት ባለበት አገር የመጨረሻው ነጥብ በቶሎ የሚሆን አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ገንዘብ አይጠይቁም፣ የሚጠይቁት በር መክፈት ነው።

ከዚህ ታሪክ የመጣች እናት በሚኒያፖሊስ ወይም በሴንት ፖል ማዋለጃ ክፍል ስትገባ ሁለት ነገሮች ይገጥሟታል። አንደኛው ዝምታዋ በስሕተት መተርጎሙ ነው። በሐበሻ ዘንድ ምጥን ጥርስ ነክሶ መቻል እንደ ጨዋነት ይቆጠራል፤ ሕመምን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡ የሚለው የአሜሪካ ነርሶች መለኪያ ላይ 4 የምትል ሴት በእውነት ሕመሟ ያነሰ ሊሆንም፣ ላይሆንም ይችላል። በ2016 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ተለማማጅ ሐኪሞች ላይ የተደረገ ጥናት ግማሽ ያህሉ ስለ ጥቁር ሰው አካል ቢያንስ አንድ ሐሰተኛ እምነት፣ ለምሳሌ ቆዳው ይወፍራል የሚለውን፣ እንደሚቀበሉና ይህም የሕመም ግምታቸውን እንደሚያዛባው አሳይቷል። በኒው ዮርክ ግዛት በ2007 የታተመ ሌላ ጥናትም ጥቁር እናቶች ተመሳሳይ መድን እያላቸው እንኳ ኤፒዱራል የማግኘት ዕድላቸው ከነጮች ያነሰ መሆኑን መዝግቧል። የሚኒሶታ ምክር ቤት በ2021 ሆስፒታሎች በጥቁርና በቀደምት አሜሪካውያን እናቶች ላይ ስለሚደርስ አድልዎ ሠራተኞቻቸውን እንዲያሠለጥኑ ያዘዘው ለዚህ መሰሉ ችግር ነው። ስለዚህ በሪፖርት ላይ ምሥራቅ አፍሪካውያን እናቶች ያለ መድኃኒት ሲወልዱ የሚታዩ ከሆነ፣ ከመደነቅ በፊት ስንቶቹ ተጠይቀው ነበር ብሎ መመርመር ይገባል።

ሁለተኛው በክፍሉ የሚገኘው ሰው ጉዳይ ነው። በአገር ቤት ባል ከደጅ ሆኖ ሲጠብቅ ሴቶች ከውስጥ ይደግፉ ነበር፤ በስደት ግን እናት ቪዛ አላገኘችም፣ እኅት ሥራ ላይ ናት፣ በውስጥ ያለው ባል ብቻ ይሆናል። እጅ ይዞ መቆም ያልተማረ ሰው በድንገት እንደ ዶውላም እንደ አስተርጓሚም ይቆጠራል፤ በብራድሊ መጽሐፍ የተጻፈለት ባል ከዚህ ባል ጋር አይተዋወቅም። ብዙዎቹ ግን ባይሠለጥኑም ይማራሉ፣ የማርያምን ስም የሚጠሩትም እነርሱው ይሆናሉ። የአራስ ቤቱ ሥርዓት ከምጡ ይልቅ በቀላሉ ከአገር ይሻገራል፦ ገንፎው ይገነፋል፣ ጎረቤት ይሰባሰባል፣ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ እንደ ሚኒያፖሊሱ ደብረ ሰላም መድኃኔ ዓለም ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ክርስትና ይነሣሉ።

ያለ መድኃኒት መውለድ ለማን እንደማይመች መግለጽም የዳሰሳው ድርሻ ነው። የእርግዝና ደም ግፊት ያለባት፣ ምጧ ፒቶሲን በተባለው ሠራሽ ኦክሲቶሲን የተጀመረላት፣ ወይም ቀድሞ በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ያለ መድኃኒት መውለድ ባትከለከልም፣ በፒቶሲን የሚመጣው የማኅፀን መኮማተር ከተፈጥሯዊው ይልቅ ጠንክሮና ተቀራርቦ ሊመጣ ስለሚችል፣ አስቀድማ የነደፈችውን እቅድ በዚያው መጠን ማጠፍ ሊኖርባት ይችላል። በምጥ መካከል ሐሳብን መለወጥ የሽንፈት ምልክት አድርጎ የሚያስተምር የዝግጅት ትምህርትም እናቲቱን የሚጎዳት በዚህ ሰዓት ነው።

ሐሳቧን መለወጧን የምትናገርበት ቋንቋ ግን በመጨረሻ የሚቀረው ተግባራዊ ጉዳይ ነው። ኤፒዱራል ከመሰጠቱ በፊት የማደንዘዣ ባለሙያው ጉዳቱን ዘርዝሮ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ምጡ ከተፋፋመ በኋላ፣ በስልክ ወይም በስክሪን በሚቀርብ አስተርጓሚ አማካይነት፣ በሁለት ቁርጠት መካከል ባለች አጭር ፋታ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ሆስፒታሎች ነጻ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ፣ ለሕፃናት ልጆችም ማስተርጎምን እንዳይጥሉ ያዝዛል። ዶውላ ግን አማርኛ ብትናገር እንኳ የሕክምና ቃል ማስተርጎም ሥራዋ አይደለም፤ ባልም ቢሆን ሚስቱ እሺ ማለቷን እንጂ የተነገራትን መረዳቷን ሊያረጋግጥ አይችልም። ስለሆነም አዋላጆች ጥያቄውን በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ወር በሚደረገው ክትትል ላይ፣ አስተርጓሚ በአካል ባለበት፣ መርፌው ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ በስዕል እያሳዩ አንሥተው፣ መልሷን በመዝገቡ ላይ እንዲያሰፍሩ ይመከራል፤ ያን ጊዜ እናቲቱ አሁን አልፈልግም፣ ካስቸገረኝ ግን እጠይቃለሁ ማለት ትችላለች፣ የማዋለጃ ክፍሉ ነርስም ይህን አንብባ ትጠብቃታለች።